ጋሽ መቀሱ የፊት ጥርሱን ያተረፈበት የመራራ ሻይ ዘመቻ

በስፌት መኪናው ወንበር በተቀመጠ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ መነጽር ባደረገ በሦስተኛው፣ ፔዳሉ የቀኝ ጫማውን ሶል በልቶ በጨረሰ በሁለተኛው ወር፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ሱቆች መዝጊያቸውን ሲያነሡ፣ ሥዩመ ክር ወመርፌ፣ የኮሌታ ዳኛ፣ የእጅጌ አዛዥ፣ የጠበበውን የሚያሰፋ የሰፋውን የሚያጠብ፣ በሰባት ጣቃ ጨርቅ ላይ ሥልጣን ያለው ልብስ ሰፊው ጋሽ መቀሱ ክር ሊበጥስ ጎንበስ አለ፤ ክሩንም በፊት ጥርሱ ያዘ፤ ክሩም ተበጠሰ፤ ነገር ግን በነጩ ክር ጫፍ ላይ ደም ታየ። በዚያችም ሰዓት ዘመነ ስኳር ማለቅ ጀመረ።

መቀሱ የሚለውን ስም እናቱ አላወጣችለትም። የሰፊዎቹ መንገድ ነው ያወጣለት፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ክር በመቀስ ሲቆርጥ ያየው ሰው ስለሌለ። መቀስ ለጨርቅ ነው ይል ነበር፤ ለክር ጥርስ አለ። መርፌው ከጨርቁ ሲወጣ አንገቱ ዝቅ፣ ጥርሱ ቅርጥ፤ ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ናቸው። መቀስ ፈልጎ፣ አንሥቶ፣ ቆርጦ፣ መልሶ የሚያስቀምጥ ሰፊ አንድ እጅጌ ሲጨርስ እሱ ሁለቱን ጨርሶ ኮሌታው ላይ ነው።

ይህም ጥርስ በላይኛው ረድፍ ከመሐል በስተግራ ያለው ሲሆን፣ ከሁሉ ፊት ስለሚዘምት በዚህ ዜና ፊታውራሪ ይባላል። በቀኝና በግራ ያሉት ክራንቾች ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ናቸው። መንጋጋዎቹ ደጀን ነበሩ፤ ከደጀኑ አራቱ በዘመነ ስኳር በየተራ ወድቀዋል፤ ስፍራቸው ባዶ ነው፤ በቤቱም ስማቸው አይነሣም።

ጋሽ መቀሱ ደሙን በጣቱ ጠርጎ ክሩን ወለሉ ላይ ጣለው። ባለቤቱ ግን ምሳውን ይዛ ስትመጣ ክሩን ከወለሉ ላይ አነሣችው፤ እሷ ከወለል የማታነሣው ነገር የለምና። ለሠላሳ ዓመት ስለ ጥርሱ ምክንያት ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፤ ትናንት ሥራ በዝቶ ነበር፣ ዛሬ ሐኪሟ አትገባም፣ ነገ ዝናብ ይመጣል። በዚያ ቀን ምክንያት አልሰማችም። ምሳ ዕቃውን ሳትከፍተው መልሳ አነሣችና ጤነኛ አፍ እስኪመጣ ይቆያል ብላ ወደ ክሊኒኩ መራችው። የተራበ ሰው ተከተላት።

ክሊኒኩ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣ አንድ ክፍል ነው። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አፏ ተሸፍኖ ዓይኗ ብቻ ይናገራል። ጋሽ መቀሱ በጋደለው ወንበር ላይ ተዘርግቶ መብራቱን ሸሽቶ ዓይኑን ሲያዞር፣ በነጭ ጋዋኗ የቀኝ እጅጌ ጫፍ ላይ ክር ተመዞ ተንጠልጥሎ አየ። አንድ ጣት ያህል ነው። አገጩን ይነካዋል። የእጅጌው ዝምዝማት ሊተረተር ተቃርቧል። አፉ ክፍት ስለነበር ምንም ማለት አልቻለም።

ሐኪሟ ጥርሶቹን በቀለም ቀባች፤ አጉመጥምጦ እንዲተፋ አዘዘች፤ መስተዋትም ሰጠችው። ያየውን እስካሁን አይረሳውም። ሠራዊቱ በሙሉ ሐምራዊ ለብሷል። ፊታውራሪውማ ከድዱ ሥር እስከ ጫፉ ተለቅልቋል። ሐኪሟም ፍርዷን እንዲህ ስትል አሰማች፦

«አባባ፣ ሐምራዊ የሆነው ሁሉ ባክቴሪያ የሰፈረበት ነው። ሲቦረሽ ይለቃል፤ ሳይቦረሽ ሲቆይ ድድ ያቆስላል። ይሄ የፊቱ መነቃነቅ ጀምሯል። ዛሬ እኔ አጥበዋለሁ፤ ከዛሬ በኋላ ያለው የእርስዎ ነው። በዐሥራ አራተኛው ቀን ይምጡ። ድዱ መድማቱን ካላቆመና ቀለሙ እዚህ ጥርስ ላይ እንደገና ከያዘ እነቅለዋለሁ።»

ከዚያም ምን እንደሚጠጣ ጠየቀችው። ጋሽ መቀሱ ሳያፍር ተናገረ፤ ሻይ ነው፣ በቀን ስድስት ብርጭቆ፣ በብርጭቆ አራት ማንኪያ ስኳር። ሐኪሟ እጇን አቆመች፤ ክሩም አገጩ ላይ ቆመ። ሻዩ ጠላት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ወዳጅ እንደሆነ አስረዳችው። በሻይ ቅጠል ውስጥ ምላስን የሚያደርቅና አፍን የሚጨምቅ ነገር አለ፤ እሱም ባክቴሪያዎቹን ያዳክማል፣ ከጥርስ ጋር የሚጣበቁበትንም ሙጫ እንዳይሠሩ ያውካቸዋል። ሙጫውን የሚሠሩት ግን ከስኳር ነው። ስለዚህ ሻዩ መሰላሉን ሲነጥቃቸው፣ አራቱ ማንኪያ አራት መሰላል ያቀብላቸዋል። በስተመጨረሻም ጣቷን አንሥታ አስጠነቀቀች፤ ሻይ ረዳት እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ብሩሽ ያላየ አፍ በሻይ አይድንም።

ወእምዝ፣ ማለት ከዚህ በኋላ፣ ከቤት ሲደርሱ ብሩሽ ተፈለገ። በመታጠቢያው የለም። በመስኮቱ የለም። ባለቤቱ ጥቂት አሰበችና ወደ ሱቁ ተመልሳ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበች፤ የጥርስ ብሩሹ ዘይት ጠጥቶ፣ ብናኝ ተጭኖ፣ ከማጠንጠኛዎቹ መሐል ተጋድሞ ተገኘ። ከመርፌው ሥር የጨርቅ ብናኝ ሲጠርግ አራት ዓመት ሆኖታል። መኪናው ንጹሕ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ባለቤቱ አዲስ ብሩሽ ገዛች፤ በእጀታውም ላይ ቀይ ክር ጠምጥማ ቋጠረች፤ ቀይ ክር ያለው ወደ መኪና የማይሄድ መሆኑንም ደነገገች። ጠዋትና ማታ ሰዓት ይዛ ከጀርባው ትቆማለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ብሩሹን ቢያወጣ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፤ እሱም መልሶ ያስገባል።

በማግሥቱ አዋጅ ታወጀ። ነጋሪት መቺው በአጠገቡ የሚሠራው ልብስ ተኳሽ ነው፤ ተኳሽ ቢባልም ጠመንጃ ይዞ አያውቅም፣ የሚተኩሰው ሱሪ ነው። ካውያውን አንሥቶ የብረት ማስቀመጫውን ሦስት ጊዜ መታበት። የተሰበሰበው ሠራዊትም ይህ ነበር፤ ተኳሹ ራሱ፣ ሱሪያቸውን የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞች፣ ከነዚያም አንዱ ሱሪው ገና ስላላለቀ ፎጣ ያገለደመ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ የምትተኛው ድመት፣ ረጅም ጥላ የያዘ አላፊ መንገደኛ፣ እንዲሁም ባለሻይዋ ከነሰማያዊ ትሪዋ። ጋሽ መቀሱ ቆመ፤ ሜትሩን በአንገቱ ላይ አስተካከለ፤ አዋጁንም እንዲህ ሲል አሰማ፦

«ስሙ፤ ያልሰማ ካጠገቡ ይጠይቅ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር የሚባል ነገር አይግባ። የፊት ጥርሴ ታሟል፤ ቀጠሮውም በዐሥራ አራተኛው ቀን ነው። ሻዬን ባዶውን አምጡልኝ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ሱሪው ግን ለዓርብ አይደርስለትም።»

ፎጣ ያገለደመው ሰው ቶሎ ብሎ ፊቱን አጠቆረ።

የሳቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ጥርሱ እንደ ወተት የነጣ፣ ነጭነቱንም ለአላፊ አግዳሚው ሲያሳይ የሚውል፣ ሰፈሩ ፈገግታ የሚለው ነው። በደረት ኪሱ ባለወርቅ ቀለም ትንሽ የክር መቀስ ይሰካል። ፈገግታ ሥራውን አቁሞ ብዙ ተናገረ፤ ስኳር የሌለው ሻይ የጫማ ቀለም ነው አለ፤ ጥርሱ የወደቀ ዕለት ይቺን መቀስ አውሶት እንደሚረዳው፣ ስሙ ግን ከዚያ ወዲያ ለባለመቀሱ እንደሚገባ፣ በመንገዱ ላይ ሁለት መቀሱ ሊኖር እንደማይችል፣ ሽማግሌ ጠርቶ እንደሚረከበው ተናገረ። ጋሽ መቀሱ ወደ መኪናው ተመልሶ ተቀመጠ። ነገሩ ግን ገባው። ሰው ጥርሱን ሲያጣ ጥርስ ብቻ አያጣም።

ባለሻይዋም እንዲህ ያለች ነበረች። ምድጃዋ ከሱቆቹ ደረጃ ሥር ነው፤ የሰፊዎቹን ሁሉ የስኳር ልክ ሰፊዎች የወገብ ልክ እንደሚያውቁ በቃሏ ታውቃለች፤ ስንት ላድርግልህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሻዩንም ራሷ አማስላ ነው የምታቀርበው። ይህም ሥርዓት ነው፤ ማንኪያ የያዘ ሰፊ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥባልና በዚያ መንገድ ማንኪያ ወደ መኪና አይቀርብም። ብርጭቆውም ከጠረጴዛው ላይ አይወጣም፤ ከፔዳሉ በስተግራ መሬት ላይ፣ ብናኝ እንዳይገባበት በካርቶን ቁራጭ ተከድኖ ይቀመጣል። ይህ ሥርዓት በኋላ ያመጣውን አመጣ።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ቀረበ። ጋሽ መቀሱ ካርቶኑን አነሣ፤ ጎነጨ። ፊቱ ከግንባሩ ተነሥቶ ወደ አገጩ ተሰበሰበ፤ ግራ ዓይኑ ተዘጋ፤ ጆሮው እንኳ የተንቀሳቀሰ ይመስል ነበር። እግሩ ግን ፔዳሉ ላይ ስለነበር መኪናው መሮጡን አላቆመም፤ ፊቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ የዚያ ባለፎጣ ደንበኛ ሱሪ አንዱ እግር ከታች ተሰፍቶ እንደ ከረጢት ተዘጋ። ደንበኛው ይህን አየ፤ አዋጁን አስታወሰ፤ አልሳቀም። ሁለተኛው ጉንጭም እንደ መጀመሪያው ነበር። ሦስተኛው ከሁለቱም ባሰ። በዚያ ቀን ስድስት ብርጭቆ ተጠጣ፤ ስድስቱም በጦርነት። ባለሻይዋ ከደረጃው ሥር ሆና ሁሉንም አየች፤ ዝምም አለች። ዝምታዋን ግን የመረመረው የለም።

ወኮነ በሣልስት ዕለት፣ ማለት በሦስተኛው ቀን፣ ምሬቱ ቀነሰ። በአምስተኛው ቀን ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። በሰባተኛው ቀን ጋሽ መቀሱ ብርጭቆውን አጋምሶ ምላሱን አጣጣመና ከሥሩ አንድ ዓይነት ለዛ እንዳለው ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ዝም የሚያሰኘው ጠፋ። ልክ ሊያስለካ የመጣውን ሁሉ ደረቱ ላይ ሜትር ዘርግቶ እየያዘ ስለ ምሬት ያስተምር ጀመር። ተኳሹንም ካውያ አስመታና ሁለተኛ አዋጅ አሰማ፦

«መራራ የሚባል ነገር የለም። የሰለጠነ ምላስና ያልሰለጠነ ምላስ ነው ያለው። እኔ በሰባት ቀን አሠልጥኜዋለሁ። የሚከተለኝ ካለ ይከተለኝ፤ ፈሪ ግን ከነማንኪያው ይቅር።»

ባለሻይዋ ትሪዋን አንሥታ ወደ ምድጃዋ ሄደች። ተኳሹ ተከትሎ አንድ ብርጭቆ ባዶ ሻይ ጠጣ፤ ግማሹን ካውያው ላይ ተፋው፤ ጋሼ ብርቱ ሰው ናቸው ብሎም መሰከረ። አንድ ነገር ብቻ አልስተካከል አለ። ብሩሹ ጠዋት ጠዋት አሁንም ቀላ ብሎ ይወጣል። የመጀመሪያውን ቀን ያህል አይደለም፤ ግን ይደማል። ባለቤቱ አረፋውን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ጋሽ መቀሱም ማታ ማታ ፊታውራሪውን በምላሱ ገፋ ያደርገዋል፤ ጥርሱም መልሶ ገፋ አያደርገውም።

በታስዕት ዕለት፣ ማለት በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቁልፍ ወደቀችበት። ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ከግድግዳው ስንጥቅ የሚመጣ ጥቁር መሥመር አየ። መጀመሪያ አደነቀ። ሰፊ ነውና ቀጥ ያለ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እንዲህ ያለ ስፌት በመኪናም አይገኝም። ከዚያ መሥመሩ ሲንቀሳቀስ አየ። ጉንዳኖች ናቸው። ከስንጥቁ ተነሥተው፣ የመኪናውን እግር ዞረው፣ ባዶው ብርጭቆ አፍ ላይ ወጥተው፣ ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። ጠግቦ የተመለሰው ላልደረሰው መንገድ ያሳያል።

ጋሽ መቀሱ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ወደ ብርጭቆው ተጠጋ። ጉንዳን ለምሬት አይዘምትም።

ቁልፏን ሳያነሣ ቆመ፤ ተኳሹን ጠራ፤ ብርጭቆውንም ሰጠው። ተኳሹ ጉንዳኖቹን እፍ ብሎ፣ ከሥሩ የቀረውን በትንሿ ጣቱ ነክቶ ቀመሰ። ሰውየውን አየ፤ ብርጭቆውን አየ። ጋሼ፣ ይሄ ሻይ ሳይሆን ሽሮፕ ነው አለ። ቃሉም በመንገዱ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ሄደ። ስፌት መኪኖች አንድ በአንድ ቆሙ። ባለሻይዋም ነገሩ ሲደርሳት አልሸሸችም፤ ትሪዋን በክንዷ አጣብቃ መሐል መንገድ ላይ ወጥታ ቆመችና ተናገረች፦

«እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አትጠርጥሩ። የመጀመሪያ ቀን ፊቱን አይቼ አዘንኩለት። በነጋታው ግማሽ ማንኪያ ጣል አደረግሁ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ወንድምዓለም፣ ጥርስህን ልጎዳ ብዬ አይደለም። ሠላሳ ዓመት በአራት ማንኪያ የያዝኩህን ሰው ባንድ ቀን ሜዳ ላይ ልጥልህ አልሆነልኝም።»

ፈገግታ ሳቀ። ሲስቅ ከንፈሩ ላይ የያዛቸው ስፒሎች ጫማው ላይ ተረፈረፉ፤ አሁንም አላቆመም። የሰለጠነው ምላስ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቀ። ከአራት ማንኪያ ወደ ሁለት የወረደ ሰው ራሱን መናኝ አድርጎ ማወጁን ለማያውቅ ሁሉ አስረዳ። የሰለጠኑት ጉንዳኖቹ ናቸው አለ።

ጋሽ መቀሱ በመኪናው ፊት ቆሞ ቀኑን ቆጠረ። አምስት ቀን ቀርቷል። ያስተማራቸውንም ሰዎች ቆጠረ፤ እነሱ ይበዙ ነበር። በዚያች ሰዓት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አራት ማንኪያ አዝዞ፣ ጥርሱንም ስሙንም ማዶ ላለው ሰው አስረክቦ ማረፍ ይችል ነበር። ከባለሻይዋም ጋር ተጣልቶ ነገሩን በእሷ ላይ አሳብቦ መገላገል ይችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሴትየዋ ሄደ፤ እጁንም ዘረጋ። ማንኪያውን ጠየቃት። እሷም ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሰጠችው። ጋሽ መቀሱ ማንኪያውን ከፍ አድርጎ ይዞ ተመለሰ፤ ከመኪናው በላይ ባለው ምስማር ላይም በክር አሥሮ ሰቀለው፤ የተማረከ ጦር እንደሚሰቀል። ከዚያ ወዲያ ሻዩ ዓይኑ እያየ ይቀዳል፤ ሳይማሰል ይመጣል፤ ባለሻይዋም ሲጠጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንድትቆም በፈቃዷ ተስማማች።

እውነተኛው ጦርነት ያን ጊዜ ተጀመረ። ምላሱ የሰለጠነ አልነበረም። ፊቱ እንደ ፊተኛው ተሰበሰበ፤ ባለሻይዋ ግድግዳውን እያየች ተነፈሰች። ፔዳሉ ላይ ግን እግሩን አላኖረም፤ ይህን ተምሯል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሱሪው የተዘጋበት ደንበኛ እግሩ ተከፍቶለት፣ ሳይስቅ ስለታገሠ ሱሪው ለዓርብ ደርሶለት፣ ምስጋና ሊያደርስ አንድ ከረጢት ብስኩት ይዞ መጣ። ስኳር የተነሰነሰበት ነው። ጋሽ መቀሱ ከረጢቱን ተቀበለ፤ አመሰገነ፤ አሸተተም። ከዚያም የከረጢቱን አፍ ሁለት ጊዜ አጥፎ ከመርፌው ሥር አስገባና በድርብ ስፌት ዳር እስከ ዳር ጠቀመው፤ ክሩንም ሊበጥስ ጎንበስ ብሎ፣ ጥርሱ መታመሙን አስታውሶ፣ በእጁ በጠሰው። ብስኩቱን ለተኳሹ ሰጠ። ተኳሹ ሲተረትር ዋለ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አረፋው ነጭ ሆኖ ወጣ። ባለቤቱ መብራት አቅርባ ደገመች፤ ነጭ ነው። ነገር ግን ቀና ብላ አፉን ስታይ ሰዓቱ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ፊታውራሪው ቡናማ ሆኗል። ጫፉ እንደ ዛገ ምስማር፣ ወገቡ እንደ አሮጌ ቆዳ። ሴትየዋ አልጮኸችም፤ ጥርሱን ስናስታምም ሳይሞት ቀለሙ ተለወጠ ብላ ብቻ ተቀመጠች። ጋሽ መቀሱ በመስተዋት ራሱን አየ፤ አፉንም ዘጋ። ለሁለት ቀን ልክ የሚለካውን ሰው በምልክት ያናግር ነበር። ፈገግታም የተከደነ አፍ አይቶ ነገሩን ገመተ፤ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ነፍስ ይማር አለ፤ ባለወርቅ ቀለሟንም መቀስ አውጥቶ በጨርቅ ወለወላት።

በዐሥራ አራተኛው ቀን ሠራዊቱ ወደ ክሊኒኩ ወጣ። ከፊት ባለቤቱ፣ ባለቀይ ክሩን ብሩሽ ለምስክርነት በቦርሳዋ ይዛ። ከሷ ቀጥሎ ጋሽ መቀሱ፣ የተዘጋ አፍ፣ የተቆለፈ ኮት። ከኋላው ባለሻይዋ፣ ምድጃዋን አጥፍታ፣ ባዶ እጇን እያሻሸች፤ ስለጨመረችው ስኳር ያገኛት ሁሉ ጥፋተኛ አድርጓት ነበርና። ከዚያ ተኳሹ፣ ካውያው እስኪበርድ ጠብቆ ስለወጣ እያለከለከ። በመጨረሻ ፈገግታ፣ መቀሷን በደረት ኪሱ ሰክቶ፣ ስም ሊረከብ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሠራዊቱ ከሚወርድ በሽተኛ ጋር ተገናኝቶ ለመተላለፍ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

ሐኪሟ መብራቱን አበራች። ቀለሙን ቀባች። አጉመጠመጠ፤ ተፋ። ክሩ አሁንም እጅጌዋ ላይ ነው፤ ረዝሟል። ሁሉም ወደ ወንበሩ ተንጠራሩ። ከደጀኑ በስተኋላ፣ ብሩሽ በጭንቅ በሚደርስበት ጥግ፣ ጥቂት ሐምራዊ ሽፍቶች ተደብቀው ተገኙ። ግራ አዝማች ንጹሕ። ቀኝ አዝማች ንጹሕ። ፊታውራሪው ቡናማ ነው፤ ቀለሙ ግን ሊይዝበት ሞክሮ ተንሸራትቷል። ሐኪሟ ድዱን በመሣሪያዋ ነካች፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ። አልደማም። ጥርሱን ገፋ አደረገችው፤ እሱም ገፋ አደረጋት። ፍርዱም ወጣ፦

«አይነቀልም። ቡናማው የሻዩ ቀለም ነው፤ በሽታ አይደለም፣ እወለውለዋለሁ። ድድዎን ያዳነው ብሩሹ ነው፣ ስኳሩን መተውዎም ነው፣ ሻዩም የበኩሉን ሳያደርግ አልቀረም። እንዲሁ ይቀጥሉ።»

ባለሻይዋ ግድግዳ ይዛ ተቀመጠች። ባለቤቱ ብሩሹን ከቦርሳዋ አውጥታ ተኳሹን አሳየችው፤ እሱ አንዴ አይቶት የነበረ ቢሆንም እንደ አዲስ አየላት።

ፈገግታ ግን እጅ አልሰጠም። ቡናማ ጥርስ አተረፍኩ ብሎ ማን ይኮራል አለ፤ ጥርስ እንዲህ ነው ብሎም ለሐኪሟ ሁሉንም ገለጠላት። ሐኪሟ ከብሩሿ ላይ የተረፈ ቀለም እንዳለ አይታ በትሕትና ወንበሩን አሳየችው። እንደ ሙሽራ ወጣበት። አጉመጠመጠ፤ ተፋ፤ መስተዋት ተሰጠው። ከፊት ለፊት የሚታየው ጥቂቱ ነጭ ነበር፤ ሰው የሚያየው ብቻ ሲቦረሽ የኖረ ነውና። ከዚያ ጀርባ ያለው ሁሉ፣ ጓዳ ጎድጓዳው ሳይቀር፣ ሐምራዊ ነው። ሐኪሟ ስለ ስኳር ጠየቀችው፤ አምስት ማንኪያ መሆኑን ባለሻይዋ በእሱ ፈንታ መለሰች። የዐሥራ አራት ቀን ቀጠሮም ተጻፈለት። ፈገግታ ከንፈሩን ገጠመ፤ በመንገዱ ታሪክ ጥርሱ ያልታየበት የመጀመሪያው ሰዓት ይህ ነው።

እንዲህም ሆኖ ደስታው ሳይጋመስ፣ ሐኪሟ መስተዋቷን ወደ ፊታውራሪው ጫፍ አቅርባ አተኩራ አየች። ጫፉ ላይ ቦይ አለ። ቀጭን ነው፤ ልክ አንድ ክር የሚያስኬድ። በሠላሳ አንድ ዓመት ክር የቆፈረው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጥርስ ክር እንዳይበጠስ፣ ከበጠሰ ጥርሱ መሰንጠቁ እንደማይቀር ተናገረች። ጋሽ መቀሱ ጣሪያውን አየ። ዐሥራ አራት ቀን የተዋጋው ክር ለመበጠስ ነበር፤ ድሉ ደግሞ ክር አትበጥስ አለው። ፈገግታ ከንፈሩን እንደገጠመ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፤ መቀሷንም አወጣ። ቃል ገብቶ ነበርና። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ አይመስልም።

ጋሽ መቀሱ ከወንበሩ ቀና አለ፤ ኮቱን አስተካከለ፤ የመጨረሻውንም አዋጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፦

«ዶክተር፣ ያዘዙኝን እፈጽማለሁ። እጅጌዎ ላይ ግን ክር ተመዟል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያየሁት ነው። ሳይቆረጥ ከወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ሐኪሟ እጅጌዋን አየች፤ ጥርሱን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ግድግዳው ሰዓት አዙራ ክንዷን ዘረጋች። አንዴ ብቻ አለች።

ጎንበስ አለ። ቅርጥ።

ክሩን ከምላሱ ላይ በሁለት ጣት አነሣ፤ አየው፤ ነጭ ነው። ከዚያ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ፈገግታም ባለወርቅ ቀለሟን መቀስ እጁ ላይ አኖረለት። ስሙን ግን የጠየቀው የለም፤ መቀስ ከያዘ ሰው ላይ መቀሱ የሚለውን ስም የሚወስድ ሽማግሌ አይገኝምና።

ጋሽ መቀሱ፣ መዋዔ ስኳር፣ ዐቃቤ ጥርስ፣ ከጉንዳን ምክር የማይንቅ፣ ማንኪያ ማራኪ፣ ብስኩት በስፌት የዘጋ፣ የጠጣውን ያልተፋ፣ ያፈረበትን ያልሸሸ፣ ያዘነችለትን ያልጠላ፣ ስሙ በሰፊዎች መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይጠራ፤ መርፌው አይዛግ፣ ፔዳሉ አይክበድ፣ ብርጭቆው ሥር ጉንዳን አይታይ። ማንኪያው ዛሬም በምስማሩ ላይ ተሰቅሎ አለ። ፊታውራሪውም ተወልውሎ፣ በማዕረግ በጡረታ ተቀምጧል፤ ጌታው ፈገግ ሲል ብቻ ወጥቶ ሰው ሰላም ይላል።